ከልብ ወለድ ገጽ ወደ ሥዕል ሳጥን፦ ፍራንከንስታይን፣ የማርስ ወራሪዎችና የድሬዳዋው ካምፕ ልጅ

በ1942 በድሬዳዋ፣ እንግሊዞች የጣሊያን ዜጎችን ሰብስበው ባቆዩበት ካምፕ ውስጥ አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። አባቱ የጣሊያን ቅኝ ገዥ ጦር ባልደረባ ሲሆን፣ በ1941 በእንግሊዝ ወታደሮች ከተማረከ በኋላ በ1942 በምርኮ ላይ ሳለ በበሽታ ሞቷል። ልጁ ከካምፑ ጠባቂዎች ኮሚክስ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕልና በአጫጭር ጽሑፍ የሚተረኩ ቀጫጭን መጽሔቶችን፣ እየገዛ ያነብ ነበር። ከዚያም በቀይ መስቀል አማካይነት ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህ ልጅ ሁጎ ፕራት ይባላል። በ1967 ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ የፈጠረ፣ ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላላቅ የኮሚክስ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ፕራት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነሣነው በከተማችን ዝና ላይ ዝና ለመጨመር አይደለም። ፕራት በ1937 በዐሥር ዓመቱ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የወራሪ ጦር ባልደረባ ልጅ ሆኖ ነው፤ ይህም ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን ራሱ ይተርከው እንደነበረው፣ አባቱ ሲለየው የሰጠው ስጦታ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «የሀብት ደሴት» የተሰኘ መጽሐፍ ነበር። ፕራት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1965፣ ከጸሐፊው ሚኖ ሚላኒ ጋር ሆኖ ያንኑ መጽሐፍ ወደ ኮሚክስ አዛወረው። በአንድ ልጅ ሕይወት ውስጥ መጽሐፉና ሥዕላዊ መጽሔቱ በዚህ ዓይነት ከተገናኙ፣ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባናል። የታወቁት የሳይንሳዊና የአስፈሪ ልብ ወለዶች ወደ ኮሚክስ ሲዛወሩ ምን ያተርፋሉ? ምንስ ያጣሉ? በተለይም በውስጣቸው ያለው ሳይንስ ምን ይሆናል?

ጥያቄው ለሳይንስ መጽሔት የሚመጥን አይመስልም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ይመጥናል እንላለን። «ፍራንከንስታይን» የሚለውን ስም የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ መጽሐፉን ያነበበ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ስሙን ያገኘነው ከሥዕል ነው። ስለ ሳይንቲስት ያለን ፍርሃትም ሆነ አድናቆት በብዙው የተቀረጸው በእነዚህ ሥዕሎች ነው።

በሳጥኖች መካከል ያለው ክፍተት

ኮሚክስ ሥዕል የተጨመረበት መጽሐፍ አይደለም። መሠረቱ ሳጥን ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ቅጽበትን ይይዛል። በሁለት ሳጥኖች መካከል ደግሞ ነጭ ክፍተት አለ። አሜሪካዊው ስኮት ማክላውድ በ1993 ባሳተመው የኮሚክስ ጥናቱ እንዳስረዳው፣ የዚህ ጥበብ ዋነኛ ሥራ የሚከናወነው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። ሠዓሊው ያልሣለውን አንባቢው በአእምሮው ይሞላዋል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በመጀመሪያው ሳጥን አንድ ልጅ በደረቀው የደቻቱ አሸዋ ላይ ቆሞ፣ በሐረርጌ ተራሮች ላይ የከበደውን ጥቁር ደመና ይመለከታል። ከራሱ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። በሁለተኛው ሳጥን በድፍርስ ውኃ ላይ አንድ ነጠላ ጫማ ይንሳፈፋል። በሁለቱ መካከል ምንም አልተሣለም። ነገር ግን የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍን ያየ ወይም የሰማ የድሬዳዋ ሰው ክፍተቱን ለመሙላት ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላ ላይ ያለውን ሰው ሳያስጠነቅቅ እንደሚደርስ ያውቃል። አስፈሪ ኮሚክስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ እጅግ የሚያስፈራው ነገር በአንባቢው ራስ ውስጥ የተሣለው ነው።

ከዚህ በስተጀርባ የዓይናችን አሠራር አለ። ጥርት አድርጎ የሚያየው የዓይናችን መካከለኛ ክፍል የሚሸፍነው ወደ ሁለት ዲግሪ የሚጠጋ ስፋት ብቻ ነው፤ ይህም እጃችንን ዘርግተን ስናየው የአውራ ጣታችን ጥፍር የሚይዘውን ያህል ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ስናነብ ዓይናችን በትንንሽ ዝላይ እየተራመደ ቃላቱን አንድ በአንድ ይለቅማል። የሥዕልን ጠቅላላ ይዘት ግን ከሰከንድ ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንገነዘባለን። ካናዳዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ አለን ፓይቪዮ በ1971 ባቀረበው ሐሳብ፣ አእምሮ ቃልንና ምስልን በሁለት የተለያዩ ነገር ግን በተያያዙ መንገዶች ይመዘግባል፤ በሁለቱም የገባው ነገር በአንዱ ብቻ ከገባው ይልቅ ለማስታወስ ይቀላል። ኮሚክስ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ጊዜ ይጠቀማል።

ከዐሥር አንድ

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በ1941 በኒውዮርክ አልበርት ካንተር የተባለ አሳታሚ የታወቁ ልብ ወለዶችን በኮሚክስ የሚያቀርብ ተከታታይ መጽሔት ጀመረ። በ1947 «ክላሲክስ ኢለስትሬትድ» የሚል ስም የያዘው ይህ መጽሔት እስከ 1971 ድረስ 169 ቁጥሮችን አሳትሟል። የስቲቨንሰን «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» በ1943 ቁጥር 13፣ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» በ1945 ቁጥር 26፣ የኤች ጂ ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» በ1955 ቁጥር 124 ሆነው ወጡ። የመጽሔቱ አዘጋጆች በመጨረሻ ገጽ ላይ አንባቢው ዋናውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ፈልጎ እንዲያነብ ይመክሩ ነበር። ምክሩን የተቀበለውም ያልተቀበለውም ተማሪ፣ የመጽሐፍ ግምገማ የቤት ሥራ ሲመጣ ወደ መጽሔቱ መሮጡ የታወቀ ነው።

እስቲ ስሌቱን እንሥራ። «ፍራንከንስታይን» ወደ 75 ሺህ የሚጠጋ ቃል አለው። አንድ ኮሚክስ ሃምሳ ገጽ፣ እያንዳንዱ ገጽ ስድስት ሳጥን፣ እያንዳንዱም ሳጥን ሃያ አምስት ቃል ይይዛል ብንል፣ ድምሩ 7,500 ቃል ይሆናል። ከዐሥር ቃላት ዘጠኙ ወጡ ማለት ነው። በእርግጥ መልክዓ ምድርን፣ ልብስንና ፊትን የሚገልጹ ቃላት በሥዕል ይተካሉ፤ ይህ ኪሣራ አይደለም። ሐሳብን፣ ጥርጣሬንና ክርክርን የሚገልጹት ግን በቀላሉ አይተኩም። አዛዋሪው የሚፈተነውም በእነዚህ ላይ ነው።

ዶክተር ያልነበረው ተማሪ

ሜሪ ሼሊ ታሪኩን የጀመረችው በ1816 በጄኔቭ ሐይቅ ዳርቻ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በሚያዝያ 1815 በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ወደ ከባቢ አየር የረጨው ነገር በተከታዩ ዓመት አውሮፓን በክረምት መሰል በጋ መታት። በዝናብና በብርድ ቤት ውስጥ የቀሩት ወዳጆች አስፈሪ ታሪክ ለመጻፍ ተወዳደሩ። በዚያ ዘመን ሉዊጂ ጋልቫኒ በኤሌክትሪክ የሞተ እንቁራሪት እግር ሲንፈራገጥ ማሳየቱ ይታወቅ ነበር። የእኅቱ ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ ደግሞ በ1803 ለንደን ውስጥ በተሰቀለ ወንጀለኛ አስከሬን ላይ በሕዝብ ፊት ተመሳሳይ ሙከራ አድርጓል። መጽሐፉ በ1818 ሲታተም የቆመው በዚህ የሳይንስ ክርክር ላይ ነው።

አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በልብ ወለዱ ውስጥ ቪክቶር ፍራንከንስታይን ዶክተር አይደለም፤ በኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ነው። ፍጡሩ ነፍስ የዘራበትን መንገድም ሼሊ አልገለጸችም፤ ስለ ብልጭታ አንድ ቃል ጣል አድርጋ ታልፋለች። ግንቡ፣ መብረቁና የሚንጣጡት መሣሪያዎች፣ እንዲሁም የፍጡሩ ጠፍጣፋ ራስና በአንገቱ ላይ ያሉት ብሎኖች በ1931 ከወጣው የጄምስ ዌል ፊልም የመጡ ናቸው። ኮሚክሶቹ በብዛት የተከተሉት ፊልሙን እንጂ መጽሐፉን አይደለም። ዲክ ብሪፈር በ1940 የጀመረው ተከታታይ ኮሚክስ ጭራቁን ኒውዮርክ ውስጥ አስገብቶ ሲያሯሩጠው፣ የ1945ቱ የ«ክላሲክስ ኢለስትሬትድ» ቅጂ ግን፣ በሩት ሮች ድርሰትና በሮበርት ዌብና አን ብሩስተር ሥዕል፣ ወደ መጽሐፉ ለመቅረብ ሞክሯል።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቸገርን ነበር። በመጽሐፉ ፍጡሩ አንደበተ ርቱዕ ነው። በአንድ ድኻ ቤተሰብ ግድግዳ ሥር ተደብቆ ቋንቋ ይማራል፤ ሚልተንንና ፕሉታርክን ያነብባል፤ ለፈጠረው ሰው «ለምን ተውኸኝ?» የሚል ክስ ያቀርባል። የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ አንድ ወጣት ተመራማሪ ለፈጠረው ነገር ያለበት ኃላፊነት ነው። ፍጡሩ ዲዳ ሲሆን ክሱ ይጠፋል፤ የሚቀረው የሚያጉረመርም ሥጋ ብቻ ነው፤ ጥፋተኛውም እርሱ ይሆናል። በእኛ አስተያየት በዚህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ከተፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሠዓሊው በርኒ ራይትሰን ይህን የተረዳ ይመስላል። በ1983 ባሳተመው እትም የሼሊን ሙሉ ጽሑፍ አንድም ቃል ሳይቀንስ ጠብቆ፣ ለብዙ ዓመታት የደከመባቸውን በብዕር የተሠሩ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች በመካከሉ አስገባ። ይህ በጥብቅ ትርጉሙ ኮሚክስ አይደለም፤ ነገር ግን ፍጡሩን ንግግሩን ሳይነጥቀው ለማሳየት ከተሞከሩት ሁሉ የተሻለ ነው።

የማይታየውን መሣል

ዌልስ ለኮሚክስ ሠዓሊ ሌላ ዓይነት ፈተና ያቀርባል። በ1897 የወጣው «የማይታየው ሰው» ውስጥ ግሪፊን የተባለው ተመራማሪ የገዛ አካሉ ብርሃንን የሚሰብርበትን መጠን ከአየር ጋር እኩል ያደርገዋል። ሐሳቡ ባዶ ቅዠት አይደለም። ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲገባ የሚሰበረው የሁለቱ የስብረት መጠን ስለሚለያይ ነው፤ ለአየር 1 ገደማ፣ ለውኃ 1.33፣ ለቤተ ሙከራ ብርጭቆ 1.47 ያህል ነው። የምግብ ዘይትም ወደ 1.47 ይጠጋል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ የሚገኘውን ሙቀት ቻይ የብርጭቆ ዘንግ በዘይት ውስጥ ብትነክሩት የተነከረው ክፍል ከዓይን ይሰወራል። ሞክሩት፤ ጥቂት ዘይት ብቻ ነው የሚፈጀው።

ይሁን እንጂ ከባድ እንከን አለ። ዓይን የሚያየው ሌንሱ ብርሃንን ሰብሮ፣ ሬቲናውም ብርሃኑን ውጦ ነው። ፍጹም የማይታይ ሰው ፍጹም ዕውር ይሆናል። ዌልስ ችግሩን ሳይረዳው አልቀረም፤ ግሪፊን አስቀድሞ በድመት ላይ ሲሞክር የዓይኗ የኋላ ክፍል እንዳልጠፋ ይተርካል። ኮሚክሱ ደግሞ ልብ ወለዱ የሌለው አንድ መላ አለው፤ የንግግር ፊኛ። በባዶ ክፍል ውስጥ፣ ጭራው ወደ ምንም የሚያመለክት የንግግር ፊኛ ሲሣል፣ አንባቢው ሰውዬው የት እንደቆመ ያለ አንዳች ማብራሪያ ያውቃል። በቃል ብቻ ይህን ለማድረግ አንድ አንቀጽ ይጠይቃል።

«የዓለማት ጦርነት» በ1898 በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ፣ የዐድዋ ድል ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በ1877 በማርስ ላይ መስመሮች አየሁ ካለ ወዲህ፣ እዚያ የሠለጠኑ ፍጡራን ይኖራሉ የሚለው ግምት ተስፋፍቶ ነበር። ዌልስ ግምቱን ወስዶ ገለበጠው፤ ታላቋን ብሪታንያ ራሷን ተወራሪ አደረጋት። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ አውሮፓውያን በታዝማንያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጥፋት አስታውሶ፣ ማርሳውያንን ለመኮነን መብት አለን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ወራሪዎቹ በመጨረሻ የሚሞቱት በመድፍ ሳይሆን በባክቴሪያ ነው፤ ይህም የፓስተርና የኮኽ ግኝት በሥነ ጽሑፍ የገባበት ምሳሌ ነው። ኮሚክሶቹ ሦስት እግር ያላቸውን መሣሪያዎች ለመሣል ብዙ ገጽ ይሰጣሉ፤ የታዝማንያን ጥያቄ ግን ብዙዎቹ ይዘልሉታል። ባክቴሪያም አይሣልም፤ የቆመ መሣሪያና በላዩ ላይ የሰፈሩ ወፎች ብቻ።

በመጽሐፉ ማርሳውያን ከሙቀት ጨረር ሌላ ሰውን የሚገድል ጥቁር ጭስ ይለቃሉ። ይህን ገጽ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሌላው በተለየ ሁኔታ ያነበዋል። ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላኖች፣ የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ጥሰው፣ በወታደርና በገበሬ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዝንበዋል። ይህ መርዝ እንደ ዌልስ ጭስ ጥቁር አይደለም። እንደ ዘይት የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ሲሆን፣ የነካው ሰው ወዲያው ላይሰማው ይችላል፤ ቆዳው የሚያብጠውና ዓይኑ የሚታወረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ለኮሚክስ ሠዓሊ ይህ መዘግየት በሁለት ሳጥኖች መካከል ያለው ክፍተት ነው፦ በአንዱ ሳጥን በሣር ላይ የሚያብረቀርቅ ጠብታ፣ በቀጣዩ እጁን የሚመለከት እረኛ። እስከምናውቀው ድረስ የዌልስን መጽሐፍ በዚህ መልክ ወደ አገራችን ያዛወረ የለም። የሚያስቆጭ ነው።

ክሱና ማስረጃው

ኮሚክስ በሰላም አላደገም። በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ወጣቶችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ፤ አሳታሚዎችም ራሳቸውን በራሳቸው የሚገዙበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። ደንቡ የሚራመዱ ሙታንን፣ ደም መጣጮችን፣ ወደ ተኩላ የሚለወጡ ሰዎችንና ሰው በላነትን ከለከለ። «ክላሲክስ ኢለስትሬትድ» ግን እኛ ኮሚክስ አይደለንም ብሎ ከደንቡ ውጭ ቀረ። በ1971 ደንቡ ሲሻሻል ደም መጣጩ እንዲመለስ ተፈቀደለት፤ ቅድመ ሁኔታውም እንደ «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን» ባሉ የታወቁ መጻሕፍት ወግ መቅረቡ ነበር። በዓመቱ ማርቭል የድራኩላን ተከታታይ ጀመረ። መጻሕፍቱ ለኮሚክሱ ከለላ ሆኑት ማለት ነው።

የወርታም ነገር ለተማሪ የሚጠቅም ተቀጽላ አለው። ካሮል ቲሊ የተባለች የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሐኪሙን የግል ሰነዶች መርምራ በ2012 ባወጣችው ጥናት፣ ወርታም የሕመምተኞቹን ቃል እንደለወጠ፣ የማይመቸውን መረጃ እንዳስቀረና አንዳንዱን እንደቀጣጠለ አሳይታለች። ይህ ሁሉ ኮሚክስ ጉዳት የለውም የሚል ማረጋገጫ አይደለም። ወርታም ያቀረበው ማስረጃ ግን ክሱን ሊሸከም አይችልም።

ከአሳታሚዎቹ መካከልም ንጹሕ ያልነበረ አለ። «ኢሲ» የተባለው ድርጅት የሬይ ብራድበሪን ሁለት ታሪኮች ያለ ፈቃድ ቀላቅሎ በ1952 አሳተመ። ብራድበሪ ሳይከስ፣ የሃምሳ ዶላሩ ክፍያ ምናልባት ተረስቶ ይሆናል የሚል ጨዋ ደብዳቤ ላከ። ተከፈለው፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ታሪኮቹ በፈቃድ ተዛወሩ።

የፕራት ወዳጆች

ፕራት ከ1949 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአርጀንቲና ሠርቷል። ለደራሲው ሄክቶር ኦስተርሄልድ የሣላቸው ሥራዎች ስመ ጥር ናቸው። ኦስተርሄልድ በገዳይ በረዶ የሚጀምረውን የወረራ ታሪክ «ኤል ኤተርናውታ»ን ከ1957 እስከ 1959 ያሳተመ ሰው ነው፤ በ1977 በወታደራዊው አገዛዝ ታፍኖ የደረሰበት ጠፍቷል፤ አራት ሴቶች ልጆቹም እንዲሁ። በዚያው ከተማ የነበረው የፕራት ወዳጅ አልቤርቶ ብሬቻ ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ ሰጥቷል ብለን እናምናለን።

ብሬቻ ከ1973 ጀምሮ የኤች ፒ ላቭክራፍትን አስፈሪ ታሪኮች ወደ ኮሚክስ አዛወረ። ላቭክራፍት ጭራቆቹን «ሊገለጹ የማይችሉ» እያለ ያልፋቸዋል፤ በጽሑፍ ይህ ይሠራል፤ ሠዓሊ ግን አንድ ነገር ማስቀመጥ ይገደዳል። ጥርስና ጥፍር ቢሥል ጭራቁ ተራ እንስሳ ይሆናል። ብሬቻ ቀለም አፈሰሰ፣ ወረቀት ቀዶ ለጠፈ፣ ቅርጹ የማይለይ ጥላና ነጠብጣብ ተወ፤ አንባቢው ዓይኑን አጥብቦ ሲመለከት የገዛ ፍርሃቱን ያገኛል። የኤድጋር አለን ፖን «የልብ ትርታ» ታሪክ ሲያዛውር ደግሞ ተመሳሳይ የሆነ ሳጥን በጥቂቱ እየለወጠ ደጋገመ፤ ጊዜው ይጎተታል፣ ልቡ ይመታል። በቬኒስ የፕራት ባልንጀራ የነበረው ዲኖ ባታሊያም የፖን ታሪኮች በቀጭን መስመርና በሰፊ ነጭ ቦታ ተርጉሟቸዋል። ፕራት ራሱ ወደ አፍሪካ ቀንድ በ«የበረሃ ጊንጦች» እና በ«ኤቲዮፒኬ» ተመልሷል፤ ኩሽ የተባለው የደንከል ተዋጊ ለአውሮፓውያኑ ሳያጎበድድ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ነው።

ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው

እኛስ? ተከታታይ ሥዕል ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በተአምረ ማርያም መጻሕፍትና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ላይ የሚሣለውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ የማያውቅ ጥቂት ነው። የቅምር ሰው ነው፤ ቤተሰቡን ጨምሮ ሰባ ስምንት ነፍስ በልቷል፤ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ እፍኝ ውኃ በመስጠቱ ግን ድኗል። ለምእመናን የቃል ኪዳን ታሪክ ነው፤ እኛ እዚህ የምንመለከተው የአሣሣሉን ብልሃት ነው። ያው ሰው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይታያል፤ ሲበላ፣ ውኃ ሲሰጥ፣ በሚዛን ፊት ሲቆም። የብራና ሥዕሎች አጠገብ «ዘከመ…» ብሎ የሚጀምረው አጭር የግዕዝ ጽሑፍ የሳጥን መግለጫ ሥራን ይሠራል። በጎው ሰው ሙሉ ፊቱና ሁለት ዓይኖቹ ሲታዩ፣ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ያልተማረ ተመልካች እንኳ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። (በ1954ቱ የአሜሪካ ደንብ ቢሆን ይህ ሥዕል በሰው በላነቱ በታገደ ነበር።) በጨርቅ ላይ የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክም ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥኖች ተከፍሎ፣ ከዘንዶው አርዌ ተነሥቶ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ይዘልቃል።

በዘመናችን፣ በበስራት ደበበ የተመሠረተው ኤታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር»ን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አሳትሟል። ጀማሪው ጀግና ሥራ የሚፈልግ አዲስ ተመራቂ ነው፤ ይህን መምረጡ ብቻ አንባቢውን እንደሚያውቅ ያሳያል።

አማርኛና የንግግር ፊኛ

በዝግጅት ክፍላችን የ«ፍራንከንስታይን»ን ሁለት ትዕይንቶች በአማርኛ ለመከፋፈል ሞክረን ነበር። ቀላሉ ነገር ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ መነበቡ ነው፤ የዐረብኛ አሳታሚ እንደሚያደርገው ገጹን መገልበጥ አያስፈልግም። ድምፅም አይቸግርም። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ ፍንዳታ ቃል ሲፈጥር፣ አማርኛ «ጧ»፣ «ድው»፣ «ቋ»፣ «ሿ» የሚሉ አሉት፤ ሁሉም «አለ» ከሚለው ግስ ጋር የሚሄዱ የሕዝብ ቃላት ናቸው። ግሳችን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ መምጣቱ እንኳ ረዳን፤ ፊኛውን ለሁለት ብንከፍለው ዋናው ነገር እስከ ሁለተኛው ድረስ ታግዶ ይቆያል።

የተጣላነው በአንድ ቃል ነው። ፍጡሩ በበረዶው ተራራ ላይ ፈጣሪውን ሲያገኘው «አንተ» ይበለው ወይስ «እርስዎ»? የእንግሊዝኛው የተለመደ ተውላጠ ስም ይህን አይለይም፤ ሼሊ ግን በንግግሩ መካከል ጥንታዊውን የነጠላ ቅርጽ ጣል ታደርጋለች። ግማሾቻችን እንደ አባት ሊያከብረው ይገባል አልን፤ ግማሾቻችን እንደ ከሳሽ ቆሟል አልን። በመጨረሻ እስኪለምን ድረስ «እርስዎ»፣ ተስፋ ሲቆርጥ «አንተ» እንዲል ተስማማን። ለውጡ ያለ አንዳች ሥዕል ከአንድ ሳጥን ወደ ሌላው ሲያልፍ ይሰማል። ይህ በእንግሊዝኛው ኮሚክስ ውስጥ የለም።

ለመሞከር የሚሻ ተማሪ ሕጉን ይወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሼሊ በ1851፣ ስቲቨንሰን በ1894፣ ቬርን በ1905፣ ስቶከር በ1912፣ ዌልስ በ1946 ስለሞቱ መጻሕፍታቸውን ማዛወር ፈቃድ አይጠይቅም። ብሬቻ በ1993፣ ፕራት በ1995 ስለሞቱ ሥዕሎቻቸው ገና የተጠበቁ ናቸው፤ መማር ይቻላል፣ መቅዳት አይቻልም። የእኛ ሁለት ትዕይንቶች ዐሥራ አራት ሳጥን ወጣቸው። መነቃቃቱን በዘጠኝ፣ የተራራውን ንግግር በአምስት ሣልን፤ ከዐሥራ አራቱ በአንዱም ውስጥ መብረቅ የለም።